ከፍተኛው የቱ ነው?

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ወለል ማዘንበሉን በሚፈትሽበት መሣሪያ ስም ውሃልክ ነው የሚሉት። ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ተንበርክኮ የሰው ወለል ሲያስተካክል ኖሮ ጉልበቱ እንደ ድንጋይ ደድሯል። እሱ ያነጠፈው መታጠቢያ ቤት ውሃ አቁሮ እንደማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያወቀውም ከራሱ አፍ ነው። ሠርግ ቢጠሩት ከሙሽሮቹ በፊት ወለሉን ያያል። የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ አልጋው ጎን እንደተቀመጠ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ከማለቱ በፊት «ይቺን ጥግ ማን ነው የሠራልህ?» ብሎ የጠየቀበት ጊዜ አለ።

ትምህርት ያቋረጠው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሲሆን፣ ያስቋረጠውም ሂሳብ ነው። ቁጥር አይፈራም። ባዶ ክፍል ገብቶ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ «ስልሳ ሁለት፣ ለስብራት ሦስት» ካለ ስልሳ አምስት ሴራሚክ ይገዛል፤ ሥራው ሲያልቅ የምትተርፈው አንድ ብትሆን ነው። ፊደል የገባበት ሂሳብ ሲያይ ግን እስከ ዛሬ ይሸሻል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለሚጠይቀው ሁሉ «የቤት ችግር ነው ያስቀረኝ» ይላል።

ሚስቱ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሥራዋ የታካሚዎችን ፋይል ከመደርደሪያ ማውጣትና መመለስ ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሴት። ልጅቷ ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት መልስ እናቷ ዘንድ እየሄደች፣ ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እዚያ ሆና አንድ ነገር ልብ አለች። ዝናብ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ከወንዙ ማዶ የሚመጡ ሕፃናት ፋይል ይበዛል። እናቷን «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከማዶ?» ብትላት፣ እናቷ «እኔ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። የሚቆጥረው ሌላ ሰው ነው» አለቻት። ልጅቷ ያንን ሌላ ሰው ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። በደብተሯ ጀርባ እያሰመረች መቁጠር የጀመረችው ያኔ ነው።

ዘጠነኛ ክፍልን ልታጠናቅቅ አንድ ወር ሲቀራት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰበሰበ። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳብ በሦስት መስመር ይከፈላል ተባለ። የምክር መምህሩ፣ ማለትም ተማሪዎች ምን መማር እንዳለባቸው እንዲያማክር የተቀጠረው ሰው፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳ። መስመር ሀ ከፍተኛ ሂሳብ ነው፤ ምህንድስናና ፊዚክስ ለሚያስቡ። መስመር ለ ስታቲስቲክስ ነው፤ ጤና፣ ኢኮኖሚና ጥናት ለሚያስቡ። መስመር ሐ የተግባር ሂሳብ ነው፤ ልኬት፣ ስፋት፣ ይዘት፣ የግንባታ ሥራ። «አንዱ ከሌላው አይበልጥም» አለ መምህሩ፣ ደረቱን በእጁ ይዞ። የማይበላለጡ ከሆነ አንደኛውን ብቻ «ከፍተኛ» ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ አልተናገረም።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። ከኋላ አንድ ሾፌር ተነሣ።

«መምህር፣ ሁሉንም በደንብ ገልጸውልናል፤ እናመሰግናለን። ከፍተኛው የቱ ነው?»

«ሀ ስሙ ከፍተኛ ይባላል እንጂ...»

«በቃ፣ ገባኝ» ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹም አብሮት ገባው። ከዚያ በኋላ መምህሩ የተናገረውን የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም በታደለው የምርጫ ቅጽ ላይ የሀ ሳጥን የት እንዳለች እየፈለገ ነበር።

ከውሃልክ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤቱ ፋርማሲስቷ ነበረች። ሰፈሩ «ዶክተር» ይላታል፤ እሷም አታርምም። ልጇ የውሃልክ ልጅ የክፍል ጓደኛ ነው። እስኪርቢቶዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ምልክት አደረገችና፣ ማንም ሳይጠይቃት «የኛ ልጅ እንኳ ሌላ ቢባልም እሺ አይልም። በተፈጥሮው ከፍተኛ ነው» አለች።

ውሃልክ ሐ ላይ ዓይኑ አርፎ ነበር። ልኬት፣ ስፋት፣ ይዘት። አንብቦ ሲጨርስ ፈገግ አለ። «ይሄንንማ እኔም እችለዋለሁ» አለ በልቡ። እሱ የሚችለው ነገር ትምህርት ሊሆን እንደማይችል ደግሞ ጥርጥር አልነበረውም።

ቅጹን ቤት ወስዶ ከልጁ ጋር ተመካክሮ እንዲመልስ ነበር የተነገረው። እርግጥ ወሰደው። ልጅቷ ቀድማ ለ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረገች።

«ምንድን ናት ይቺ ነጥብ?»

«ለ እንዲሆንልኝ ነው፣ አባዬ። ጠይቄያለሁ። በሽታ የት እንደሚበዛ፣ መቼ እንደሚበዛ የሚያጠኑ ሰዎች በዚህ ነው የሚያልፉት።»

«ከፍተኛ እያለ መሀል ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መሀል አይደለም። ሌላ ነው።»

«ሀ፣ ለ፣ ሐ። ለ መሀል አይደለችም?»

እናቷ ከጓዳ «ልጅቷን ስማት እንጂ» አለች። ውሃልክ እየሰማት መሆኑን ተናገረ። ከዚያም ላጲስ ጠየቀ፣ ነጥቧን አጠፋት፣ ወረቀቱ ላይ የቀረውን የላጲስ ፍርፋሪ በጥንቃቄ እፍ ብሎ አራገፈ፣ ሀ ላይ በሰማያዊ እስኪርቢቶ ትልቅ ምልክት አድርጎ ፈረመ። «ከልጄ ጋር ተመካክሬያለሁ» የሚል መስመርም ነበር። እዚያም ላይ ፈረመ። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ ምንም ሳትናገር ወደ ክፍሏ ገባች። ውሃልክ ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠረው፤ በወለል ሥራ እንጂ በሌላው ነገር ስንጥቅ የሚታየው ሰው አልነበረም።

አሥረኛ ክፍል ተጀመረ። በሰፈሩ ውስጥ የውሃልክ ልጅ ከፍተኛ ሂሳብ መግባቷን ያልሰማ ቢኖር መስማት የተሳነው ብቻ ነው። ለሚያነጥፍላቸው ደንበኞች ይናገራል፣ ሲሚንቶ ለሚያቀብለው ይናገራል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ ይናገራል። «ምን ያህል ከባድ ነው?» ቢሉት «እኔ ራሴ አይገባኝም» ይላል በኩራት፣ አለመግባቱ የልጁ ማዕረግ ይመስል።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ከመቶ ሠላሳ አንድ ሆኖ መጣ።

ውሃልክ ሠላሳ አንዱን አገላብጦ አየና «አሥራ ሦስት አይደለም ይሄ?» አለ ተስፋ በሚመስል ድምፅ፤ ምን ተስፋ እንዳደረገ እሱም አያውቅም። በሳምንቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ አስጠኚ ተቀጠረ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ጠረጴዛው በአንድ በኩል ልጅቷ፣ በሌላ በኩል አስጠኚው፣ በመሀል ውሃልክ ይቀመጣሉ። መሀል የተቀመጠው ለመቆጣጠር ነው።

«ይሄ ኤክስ ስንት ነው?» አለ በመጀመሪያው ቅዳሜ።

«ገና አልታወቀም፣ ጋሼ» አለ አስጠኚው።

«ሳይታወቅ ለምን ወደ ማዶ ታሻግሩታላችሁ?»

«እንዲታወቅ ነው።»

«እዚህ ሆኖ ያልታወቀ እዚያ ሄዶ በምን ይታወቃል?»

አስጠኚው ኤክስን በላጲስ አጥፍቶ እንደገና ጻፈው። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች፤ ሀ ክፍል ሳለች ሂሳብ ሲነሣ ሳቅ የመጣት ያኔ ብቻ ነው። በአምስተኛው ቅዳሜ አስጠኚው ደውሎ ታምሜያለሁ አለ። በስድስተኛውም ታመመ። በሰባተኛው ስልክም አላነሣም።

ልጅቷ ከሳች። ካርድ ክፍል መሄድም ተወች፤ ደብተሯ ጀርባ ላይ የምታሰምረውም ቀረ። እናቷ አንድ ቀን ሸሚዝ እየተኮሰች «የሰው ልጅ ልታፈርስ ነው» ብትለው፣ «ይለመዳል» አላት። እሱ ራሱ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስንት ወር ለምዶ እንደነበር አላነሣላትም።

የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ የትምህርት ቤቱ ግዢ ክፍል የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሴራሚክ ተነቃቅሏልና ይቀየር ብሎ ባለሙያ ፈለገ። የተገኘው ውሃልክ ነው። ሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ቆብ አድርጎ፣ ከመስኮቱ ሥር ተንበርክኮ አሮጌውን መፈንቀል ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሦስት መምህራን የፈተና ወረቀት ሊያርሙ ገቡ። የሀ መምህር፣ የለ መምህርትና የምክር መምህሩ ናቸው። ወለል ላይ የተንበረከከ ሰው ጆሮ አለው ብሎ የሚያስብ ስለሌለ እንደልባቸው ያወሩ ጀመር።

«ስልሳ ስምንት ልጅ» አለ የሀ መምህር፣ ወረቀቱን እየቆለለ። «ለአርባ በተሠራ ክፍል። ፊቴን ወደ ሰሌዳ ሳዞር ክርኔ አንዱን ልጅ ይነካል። ከስልሳ ስምንቱ ሂሳቡን ፈልጎ የመጣ አሥር ቢሆን ነው።»

«እኔ ጋ አሥራ አንድ ናቸው» አለች የለ መምህርት። «አሥራ ሁለት ሆኑ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ መጣልኝ። በሁለተኛው ወር ነው ያዛወሩት። እናቱ ለማንም እንዳይነገር ብላ አስምላኛለች።»

«የሐ መምህርስ?» አለ የምክር መምህሩ።

«ማን ተማሪ አለው ብለህ ነው? ሥራ ፈትቶ የኔን ክፍል ስም ሲጠራ ይውላል» አለ የሀ መምህር።

የለ መምህርት ወደ ምክር መምህሩ ዞር አለች። «ያንተ ልጅ ግን እኔ ጋ ናት። ሀ ለምን አላስገባሃትም?»

«አብጃለሁ እንዴ?» አለ የምክር መምህሩ፣ ቀና ሳይል። «ጠየቅኋት፣ ለ አለችኝ፣ አለቀ።»

ውሃልክ ጎማ መዶሻውን አስቀመጠ። ለመነሣት አንድ ጉልበቱን ከወለሉ አላቀቀ። እንደገና መዶሻውን ያዘ።

የሀ መምህር ከቆለሉ አንድ ወረቀት መዘዘ። «ይቺን ልጅ ብቻ ነው የማዝንላት። እያት እስቲ። ቀመሩን አታውቀውም። ጠርዙ ላይ ግን በየወሩ ዝናብና የታመሙ ሕፃናት እያለች ሠንጠረዥ ሠርታለች። የፈተና ወረቀት ላይ።»

መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ እኮ የኔ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው። ማንም ሳያስተምራት? የማን ልጅ ናት?»

«የሴራሚክ ሠራተኛ ልጅ ናት ይላሉ። አባቷ ነው እዚህ ያጎራት። ምን ዓይነት አባት እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ስሙን ወዶት ይሆናል።»

ውሃልክ በእጁ የያዛትን ሴራሚክ በመቁረጫው ላይ አድርጎ ተጫናት። በሁለት ጣት አሳጥሮ ቆረጣት። ቀጥሎ ሌላ አነሣ፤ እሷንም አሳጥሮ ቆረጣት። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ሴራሚክ ያበላሸበት ጊዜ አልነበረም። መምህራኑ በድምፁ ዞር ብለው፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቀስ በል» አሉትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የምክር መምህሩ ቢሮ በር ላይ ቆመ። መምህሩ አላወቀውም። ያለ ቆብና ያለ ሲሚንቶ ሌላ ሰው ነው።

«ልጄን ከሀ ወደ ለ ላዛውር ነበር።»

መምህሩ ከመሳቢያው ቅጽ አውጥቶ ሰጠው። ሞልቶ ጨርሶ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «የሚዛወርበት ምክንያት» ይላል።

«እዚህ ላይ ምን ይጻፋል?»

«ምክንያቱ ነዋ።»

ውሃልክ አሰበ። አንድ ጊዜ እስኪርቢቶውን አስጠጋ፣ መለሰው። በመጨረሻ «የጤና ችግር (ዓይን)» ብሎ ጻፈ።

መምህሩ ተቀብሎ አነበበውና ከአንድ ወፍራም ክምር ላይ አስቀመጠው። «በዚህ ሰሞን ዓይን ያልታመመ ተማሪ የለንም» አለ። «ሐኪም ብንቀጥር ሳይሻል አይቀርም።»

ለልጅቷ ምሳ ላይ ነገራት። «ለ ገብተሻል» አላት፣ ሳህኑን እያየ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ አላጠፋሁም አላለም፣ አጥፍቻለሁም አላለም። ልጅቷ ጉርሻዋን ዋጠችና «እሺ፣ አባዬ» አለች። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ ወጣች። ከጓዳ እናቷን አንቃ ይዛ ስትስም ተሰማው። እሱ ጋ አልመጣችም። ያ ቀኑን ሙሉ አንገበገበው፤ የእጄን ነው ያገኘሁት ብሎ ግን አላሰበም።

ልጅቷ ለ ገባች። ሰፈሩ ውስጥ ግን ሀ እንደሆነች ቀረች። አንድ ቀን ከአባቷ ጋር የሳል ሽሮፕ ሊገዙ መድኃኒት ቤት ገቡ። ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ጀርባ ናት፤ ልጇም ካርቶን እየከፈተ ያግዛታል።

«ሂሳቡ እንዴት ይዟታል?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ከፍተኛ ነው እንግዲህ፣ ዶክተር፤ ምን ይደረግ» አለ ውሃልክ። «የናንተስ?»

«የኛውማ ተዋሕዶታል። ከፍተኛውን ነው የሚወደው።»

ውሃልክ የእሷን እውነት ያውቃል፤ እሷ ደግሞ የእሱን ከልጇ ሰምታለች። ሁለቱም ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ፊታቸው ሳይቀላ ስለ ከፍተኛ ሂሳብ ክብደት አሥር ደቂቃ አወሩ። በአንድ ወንበር የሚቀመጡት ልጆቻቸው የሳል ሽሮፑ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ሲያነቡ ቆዩ።

የዓመቱ ማብቂያ ላይ የለ ተማሪዎች ጥናት ሠርተው እንዲያቀርቡ ታዘዙ። የውሃልክ ልጅና የፋርማሲስቷ ልጅ አብረው ሠሩ። ርዕሳቸውን መጀመሪያ ለመምህርታቸው ብቻ ነገሩ፤ እሷም አንድ ጊዜ ከሳቀች በኋላ ፈቀደችላቸው። ስም የማይጻፍበት፣ ቁጥር ብቻ ያለው መጠይቅ ለአሥረኛ ክፍል ወላጆች ተላከ። ውሃልክም ደረሰው። «የልጅዎን የሂሳብ መስመር እንዴት መረጡ?» ይላል። «ከልጄ ጋር ተመካክሬ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፤ አጣጥፎ በፖስታ አሽጎ መለሰ።

በወላጆች ቀን ያው አዳራሽ ሞላ። ውሃልክ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ፋርማሲስቷ ሁለት ወንበር አልፎ። ልጅቷ ወጣች። 

«ሰባ አራት ወላጆች መልሰውልናል» አለች። «ከሰባ አራቱ ስልሳ ስድስቱ መስመሩን የመረጡት ከልጃቸው ጋር ተመካክረው እንደሆነ ነግረውናል።»

አዳራሹ ውስጥ የእርካታ ጉርምርምታ ሆነ። ሾፌሩ አጨበጨበ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ልጅቷ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። የፋርማሲስቷ ልጅ ቀጣዩን ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራ።

«ያንኑ ጥያቄ፣ በመጠይቁ ቁጥር እያጣመርን፣ የእነዚያኑ ሰባ አራት ወላጆች ልጆች ጠይቀናል። ወላጆቼ አማክረውኛል ያሉት ዘጠኝ ናቸው።»

ማንም አላጨበጨበም። አንድ ወንበር ተንቋቋ። ፋርማሲስቷ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልግ ጀመር፤ እስከ መጨረሻው አላገኘችውም። ልጅቷ ወላጆች ዋና ምክንያት ብለው የጻፉትንም አነበበች፤ አርባ አንዱ የጻፉት በተለያየ ቃል አንድ ነገር ነበር፤ የጎረቤት ልጅም እዚያው ስለገባ። ከዚያ አመስግና ወረደች።

ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ጥናቱ እጅግ ጠቃሚ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ከወዲሁ እርምጃ መውሰዱን ተናገረ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ሦስቱ መስመሮች ከፍተኛ ሂሳብ አንድ፣ ከፍተኛ ሂሳብ ሁለትና ከፍተኛ ሂሳብ ሦስት ይባላሉ። አዳራሹ ከልቡ አጨበጨበ። ከኋላ ሾፌሩ እጁን አወጣ፤ ከሦስቱ አንደኛው የቱ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው መሰለኝ፣ ዕድል ግን አልተሰጠውም።

አባትና ልጅ በእግር ወደ ቤት ተመለሱ። መድኃኒት ቤቱን አልፈው ወደ ሰፈራቸው ታጠፉ።

«ከዘጠኙ ውስጥ ነኝ?» አለ ውሃልክ በመጨረሻ።

«ስም አይጻፍበትም፣ አባዬ።»

«አንቺ ግን ስትሞይ ታውቂያለሽ።»

«የራሴን አውቃለሁ።»

ውሃልክ የመንገዱን ንጣፍ እያየ ጥቂት ተራመደ። ከዚያ፣ «ድምፅሽ ጥሩ ነበር» አላት። ልጅቷ ክንዱን ያዘችው፤ ከስንት ወር በኋላ መጀመሪያዋ ነው። እስከ ቤታቸው ድረስ፣ ለምን ወላጆችንም ልጆችንም መጠየቅ እንዳስፈለገ አስረዳችው። አንድም ጊዜ አላቋረጣትም፤ አብዛኛውም ገባው።

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ቢሮ ኮሪደር እያነጠፈ ለባልደረቦቹ ስለ ጥናቱ ነገራቸው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ሳይሳሳት።

«ከሰባ አራት ወላጅ ልጁን የጠየቀ ዘጠኝ ብቻ» አለ፣ አንዷን ሴራሚክ በጎማ መዶሻው ቸብ ቸብ እያደረገ። ከዚያ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «ዘጠኝ ብቻ ነን። የዛሬ ወላጅ ምን ነካው እናንተ?»